ለኦንላይን ጌም ፋይበርን የሚያክል የለም፣ ከነኬብሉ

ቀድሜ ልናገር፦ ቤታችሁ ድረስ የፋይበር ኢንተርኔት (ዳታውን በቀጭን የመስታወት ገመድ ውስጥ በብርሃን የሚያስተላልፈው) የሚገባ ከሆነ ሌላ አማራጭ አታስቡ። ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተሩ ደግሞ ኬብል ዘርጉ።

ማታ ማታ የተኩስ ጌም ነው የምጫወተው። በፊት የ4ጂ የቤት ራውተር ነበረኝ። ፍጥነቱ አይታማም፤ ቪዲዮ ያለ ችግር ያሳያል። ጌም ላይ ግን ያበሳጫል። ፒንጉ፣ ማለትም ዳታው ጌሙ ሰርቨር (ጌሙን የሚያስተናግደው ሩቅ ኮምፒውተር) ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ 40 ሚሊሰከንድ ላይ ቆይቶ ድንገት 200 ይገባል። የአንዱን አንቴና አቅም ስንት ሰው ይጋራዋል፣ ማታ ደግሞ ሁሉም ቤቱ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ይልቅ ንቅንቅ የማይል 60 እመርጣለሁ፤ እጅ ይለምደዋል። የሚዋዥቅ ፒንግ ግን አይለመድም። አነጣጥሬ እተኩሳለሁ፣ ሰውዬው ለካ ቀድሞ ግድግዳው ጀርባ ገብቷል።

ሻጮች የሚያወሩት ስለ ሜጋቢት ብቻ ነው። ጌም ስንጫወት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 1 ሜጋቢት እንኳ አይፈጅም። ትልቁ ፍጥነት የሚጠቅመው ጌሙን ወይም አፕዴቱን ስናወርድ ነው።

ፋይበር ካስገባሁ በኋላ የፒንግ ትዕዛዙን ከፍቼ ቁጥሮቹን ማየት ልማዴ ሆነ። 12፣ 12፣ 13፣ 12 እያለ ይወርዳል። ደስ ይላል! እህቴ ረጅም ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት መጫን ስትጀምር ግን ወዲያው 150 ገባ። ፋይበሩ ምንም አልሆነም። አፕሎዱ ሲሞላ ራውተሩ ዳታውን ያሰልፈዋል፤ የጌሙ ትንሽ ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) ከቪዲዮው ኋላ ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ኪውኦኤስ (QoS፣ ለየትኛው ዳታ ቅድሚያ እንደሚሰጥ የሚወስነው) የሚለውን አበራሁ፣ የአፕሎዱንም ጣሪያ ከትክክለኛው ፍጥነት ትንሽ ዝቅ አደረግሁት። እህቴ ቪዲዮዋን እየጫነች ፒንጉ 15 አካባቢ ረጋ። ይህን የማያስተካክል ራውተር ለጌም አልገዛም።

ፋይበርም የማይችለው ነገር አለ። በውስጡ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ነው የሚጓዘው። ሰርቨሩ 1,000 ኪሎ ሜትር ከራቀ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 10 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ምንም ፓኬጅ ቢገዛ ከዚያ አይወርድም። ስለዚህ ቅርብ ሰርቨር ያለውን ጌም ምረጡ። ሳተላይት ብቻ የሚደርሳችሁ ከሆነ ከምድር 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የሚዞሩት ለጌም ይሆናሉ። 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ያሉት ግን ፒንጋቸው ከ500 ይበልጣል፣ ለተኩስ ጌም አይታሰቡም።

ዋይፋይ? 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የጎረቤት ራውተርም ማይክሮዌቭም ይረብሹታል። ኬብል የግድ ካልተቻለ 5 ጊጋኸርዝ ላይ አድርጉት፣ ከራውተሩም ብዙ አትራቁ። ኬብሉ ተራ ካት 5ኢ (Cat 5e የሚባለው የኔትወርክ ኬብል ዓይነት) ይበቃል፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት ያደርሳል። «የጌሚንግ» ተብሎ በውድ ለሚሸጠው ገንዘብ አታውጡ።