መጽሐፉን ሳላነብ ጌም ኦፍ ትሮንስን ጀመርኩ

ጌም ኦፍ ትሮንስ ከመጽሐፍ የተሠራ የዙፋን ሽኩቻ ተከታታይ ድራማ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። እኔ ገና ዘንድሮ አየሁት። ያዘገየኝ አንድ ጓደኛዬ ነው፤ «መጽሐፎቹን ሳታነብ እንዳትጀምር፣ ምንም አይገባህም» ብሎ አስፈራራኝ። አምስት መጽሐፍ፣ እያንዳንዱ ጡብ የሚያክል፣ ስድስተኛው ደግሞ ገና አልወጣም። ጎንደር ውስጥ ከየት አመጣዋለሁ? ተውኩት።

ክረምት ላይ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፊልም ቤት ገብቼ ስምንቱንም ሲዝን በፍላሽ አስጫንኩ። 73 ክፍል ነው፣ አብዛኛው አንድ ሰዓት ገደማ። ቤት ገብቼ ማየት ጀመርኩ። ለካ የመጀመሪያው ሲዝን 3ኛና 4ኛ ክፍል ቁጥራቸው ተቀያይሮ ኖሯል፣ እና 4ኛውን ቀድሜ አየሁት። የሚያስቀው ምንም አልጠረጠርኩም! ሰው ከየት መጣ ሳይባል ሲመጣ፣ ያላየሁት ነገር እንደታየ ተደርጎ ሲወራ፣ «አይ፣ መጽሐፉን ስላላነበብኩ ነው» እያልኩ ዝም ብዬ አየሁ።

እውነት ለመናገር መጀመሪያው ያደክማል። ለዙፋን የሚፋለሙት ቤተሰቦች ብዛታቸው፦ ስታርክ፣ ላኒስተር፣ ባራቲዮን፣ ታርጋርየን... ወንዱ ሁሉ ጺማም፣ ሁሉም ቆዳ ደርቧል። ስም መያዙን ትቼ በፀጉር መለየት ጀመርኩ። ወርቃማ ከሆነ ላኒስተር፣ ነጭ ከሆነ ታርጋርየን። በኋላ ሳየው የመጀመሪያው ሲዝን ትልቁ ምስጢር ራሱ የሚፈታው በፀጉር ቀለም ነው። ሳላነብ ከደራሲው ጋር ተግባብተናል ማለት ነው። መግቢያውን ደግሞ እንዳትዘሉት። ሙዚቃው ብቻ አይደለም፣ ካርታው የዚያን ቀን ታሪኩ የሚሄድባቸውን ቦታዎች እያነሳ ያሳያል።

በደንብ የገባኝ ግን ነገሩን ወደ ፋሲል ግቢ ሳመጣው ነው። እዚህ ያደገ ሰው ለዙፋን መገዳደል እንግዳ አይደለም። አድያም ሰገድ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1706 ሲገደሉ ዙፋኑ ላይ የነበረው የገዛ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነው። እሱም አባቱ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተገደለ፣ «ርጉም» የሚል ስም ብቻ ተረፈው። ባሕር ማዶ የተሰደዱትን የታርጋርየን ልጆች ሳይ ደግሞ ነገሥታቱ ተቀናቃኝ ዘመዶቻቸውን የሚያስሩበት ወህኒ አምባ ትዝ አለኝ። ከዚያ በኋላ ማን የማን ልጅ ነው ብዬ አልተቸገርኩም።

የመጀመሪያው ሲዝን 9ኛው ክፍል ላይ እናቴ ጀበናውን ይዛ ገባች። ፖስተሩ ላይ ዙፋን ላይ የተቀመጠው፣ እኔ ዋናው ሰው ብዬ የያዝኩት ሰውዬ፣ ተንበርክኳል። ይምሩታል ብዬ ስጠብቅ አንገቱን ቀሉት። ጮህኩ። እናቴ ትንሽ አየችና «አገሩ ተከብሮ መቀመጥ እያለ ሰው ግቢ ምን ሊያደርግ ሄደ?» አለችኝ። የሲዝኑን ታሪክ ጨረሰችው! ያነበቡት ሰዎች ይሄን የመጀመሪያው መጽሐፍ ከወጣበት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያውቁታል። እንዲህ የመደንገጥ ዕድል የቀረልን ላላነበብነው ነው። (ከእናት ጋር የሚታይ ፊልም ግን አይደለም። ሪሞቱ ከእጃችሁ አይራቅ።)

እስከ አራተኛው ሲዝን እንከን ለማውጣት እቸገራለሁ። በኋላ ታሪኩ መጽሐፎቹን ቀድሞ ሄደ፣ ያኔ ያነበበውም ያላነበበውም እኩል ሆንን። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሲዝኖች 7 እና 6 ክፍል ብቻ ናቸው፤ ጥድፊያ ነው። መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ወደ ሰሜን ለመምጣት ስንት ቀን በመንገድ ያሳልፋል፣ መጨረሻ ላይ ሰው ቁርሱን በልቶ አገር አቋርጦ ይደርሳል። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ የተንገላታ ሰው ይሄን አይምርም። የድራጎን ንግሥቷም ጠባይ የተለወጠው በዚያው ፍጥነት ነው፣ አልዋጥልህ አለኝ።

ፍላሹን አሁን ታናሽ ወንድሜ ወስዶታል። ፋይሎቹን በሙሉ በተራ በተራ አስተካክዬለታለሁ። 3ኛውና 4ኛውን ብቻ እንዳሉ ተውኳቸው።