ቦይሲ ገጠር ገባ፦ «ዘ ግሪን ግሪን ግራስ» ተከታታይ ኮሜዲ

«ዘ ግሪን ግሪን ግራስ» ቢቢሲ ዋን ከ2005 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በአራት ምዕራፎችና በ32 ክፍሎች ያስተላለፈው የእንግሊዝ ተከታታይ ኮሜዲ ነው። የተቀዳውም በአገሪቱ የቴሌቪዥን ታሪክ እጅግ ከተወደዱት ድራማዎች አንዱ ከሆነው ከ«ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ» ሲሆን፣ ሁለቱንም የፈጠራቸው ደራሲው ጆን ሱሊቫን ነው። የዋናው ድራማ የ1996 የገና ክፍል ብቻውን ከ24 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አግኝቶ ነበር። ይህን ያህል ከተወደደ ሥራ በኋላ ለሚመጣ ድራማ ፍርዱ እንደሚከብድ የታወቀ ነው፤ እኔም ከባዱን ፍርድ ላቀልለት አልፈልግም፤ ሆኖም ብዙዎች እንደሚያወሩበት የማይረባ ነው ብዬ አላምንም።

ታሪኩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ከዋናው ድራማ ገጸ ባሕርያት አንዱ የነበረው ቦይሲ በደቡብ ለንደን በፔካም ሰፈር ያገለገሉ መኪኖችን እየሸጠ የከበረ፣ ሀብቱን ለማሳየት የሚመች አጋጣሚ የማያመልጠው፣ በአፍንጫው በሚወጣው የተቆራረጠ ሳቁ ከሩቅ የሚታወቅ ጉረኛ ነጋዴ ነው። ድሪስኮል የሚባሉት ወንበዴ ወንድማማቾች፣ በዋናው ድራማ በ1989 የተዋወቅናቸው፣ ለፖሊስ የጠቆመባቸው እሱ መሆኑን ደርሰውበት ከእስር ሊወጡ መሆኑን ሲሰማ፣ ሚስቱን ማርሊንንና ገና በአፍላ ዕድሜው ላይ ያለውን ልጁን ታይለርን ይዞ ከዌልስ ጋር ወደሚዋሰነው ወደ ሽሮፕሺር ገጠር ይሸሻል። በዚያም ዊንተርዳውን የተባለ ሰፊ እርሻ ይገዛና፣ ላምና በግ ከሥጋ ሱቅ መስኮት ውጭ አይቶ የማያውቀው ሰው በአንድ ጀምበር ባለርስት ይሆናል።

በእኛ አገር ቀልድ የሚሳቅበት አብዛኛውን ጊዜ ከገጠር መጥቶ በከተማው ሥርዓት ግራ የሚጋባው ሰው ነው። እዚህ ግን ጭቃ ውስጥ በውድ ጫማ የሚዳክረው፣ የሚከፍለውና የሚታለለው ከተሜው በመሆኑ፣ የድራማው መነሻ ሐሳብ በራሱ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በተለይም የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ይህን ሐሳብ በደንብ ይጠቀሙበታል፤ ስጋት አለ፣ ጥድፊያ አለ፣ ባልና ሚስቱም የሚጨቃጨቁበት እውነተኛ ምክንያት አላቸው።

ችግሩ የሚጀምረው ቦይሲን ቦይሲ ያደረገው ምን እንደነበረ ስንጠይቅ ነው። በ1982 በተላለፈ አንድ የዋናው ድራማ ክፍል ውስጥ ቦይሲ ከዋናው ድራማ ባለታሪክ፣ ከፔካሙ ቀጣፊ ነጋዴ ከዴል ቦይ ጋር ካርታ ይጫወታል። አራት ንጉሦች ዘርግቶ ገንዘቡን ሊሰበስብ ሲል ዴል ቦይ አራት አሶች ያወጣበታል። ቦይሲ በንዴት አሶቹን ከየት እንዳመጣቸው ቢጠይቀው፣ ዴል ቦይ አንተ ንጉሦቹን ካመጣህበት ስፍራ ነው ይለዋል፤ ቦይሲ እንዳጭበረበረም ዴል ቦይ ያወቀው፣ ራሱ ያደለለት ካርታ ያ ስላልነበረ ነው። በዚህች አጭር ትዕይንት ውስጥ የገጸ ባሕርዩ አፈጣጠር ሁሉ ይገኛል። ቦይሲ የሚያስቀው ቀጣፊነቱ ከእሱ የባሰ ቀጣፊ ፊት ሲቆም፣ ትዕቢቱም የኋላ ታሪኩን አብጠርጥሮ በሚያውቅ ሰው ሲፈርስ ነው። በፔካሙ መጠጥ ቤት ውስጥ ያሉት ሰዎች በሙሉ ያውቁታል፤ ሲጎርር የሚሉት አላቸው፤ ገንዘብ ቢኖረውም አያከብሩትም። ወደ ሽሮፕሺር ሲሄድ ግን እነዚህን ሰዎች በሙሉ ትቷቸው ሄደ። ከድሪስኮሎች አመለጠ፣ ከዴል ቦይም አብሮ አመለጠ፤ ለድራማው ያልበጀው ይህ ሁለተኛው ማምለጥ ነው።

በምትኩ የተሰጡት ሰዎች ማን ናቸው? የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ኤልጂን፣ ሥራን ከመሥራት ይልቅ ሥራው ለምን እንዳልተሠራ በማስረዳት የበረታ ሰው ነው። ዴቪድ ሮስ በረጋና ፊቱን በማያስነቃ አነጋገር ስለሚጫወተው፣ ከአዲሶቹ ገጸ ባሕርያት ውስጥ ለቦይሲ ልክ የሚሆነው እሱ ብቻ ይመስለኛል። ሠራተኞቹ ብራያንና ጄድ፣ በቤት ሥራም እምብዛም የማይመሰገኑት ወይዘሮ ኬክወርዚ ግን የተጻፉት በአመዛኙ ሞኞች ሆነው ነው። ደራሲው እነዚህን ሰዎች ብልጥ አድርጎ ቢስላቸው ኖሮ፣ የመሬቱን ጠባይ፣ የከብቱን ዋጋና የአካባቢውን ሕግ የሚያውቁት እነሱ፣ ምንም የማያውቀው ደግሞ ጌታው በመሆኑ፣ ለለንደኑ ቀጣፊ ሌላ የካርታ ጠረጴዛ ይዘረጉለት ነበር። አንዳንድ ክፍሎች ወደዚህ ይጠጋሉ፤ እነዚያም ከሁሉ የሚሻሉት ናቸው። በቀሩት ውስጥ ግን ቦይሲ ሞኞችን እየሰደበ ይውላል፤ ሞኝን መስደብ ደግሞ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይሰለቻል። የገጠር ሰው ሲባል አእምሮው የዘገየ ነው የሚለው የከተሜ ንቀት፣ ድራማው ሊያፌዝበት የተነሣበት ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ ሳያስበው ራሱ ድራማው ይወርሰዋል።

ይህን ጉድለት የምትሸፍነው ማርሊን ናት። በዋናው ድራማ ማርሊን ለብዙ ጊዜ በስም ብቻ የምትነሣ፣ የፔካም ወንዶች ስሟ ሲጠራ ፈገግ የሚሉላት ሴት ነበረች፤ በአካል የታየችው በ1985 ነው። የቀድሞ ታሪኳ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው በመሆኑ ለቦይሲ ትዕቢት የማይድን ቁስል ናት፤ ሱ ሆልደርነስም ይህችን ሴት ርካሽ ሳታደርጋት፣ በድምቀትና በቅንነት ትጫወታታለች። ባሏ አፉን በከፈተ ቁጥር ልኩን የምታሳየው፣ የድሮውን የምታስታውሰውና የምትተርተው እሷ በመሆኗ፣ ፔካም ውስጥ መጠጥ ቤት ሙሉ ሰው ይሠራ የነበረውን ሥራ ለብቻዋ ትሠራለች። በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለቱ ብቻቸውን የሚነታረኩባቸው ትዕይንቶች ከእርሻው አደጋዎች ሁሉ በላይ ያስቃሉ። የፔካም ሰዎች ዴንዚልና ሲድ በእንግድነት ብቅ ሲሉም ቦይሲ ወዲያው ነፍስ ይዘራል፤ ይህም ከላይ ያነሣሁትን ሐሳብ የሚያጠናክር ነው።

ቦይሲን ስለሚጫወተው ስለ ጆን ቻሊስ ትወና ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ደካማ በሚሆንበት ጊዜ እንኳ ቅንድቡን ከፍ በማድረግ ብቻ ያድነዋል። የሚገርመው፣ ቻሊስ ራሱ ለንደንን ትቶ ከሽሮፕሺር ጋር በሚዋሰነው በሄርፎርድሺር፣ ጥንት የዊግሞር ገዳም ይዞታ በነበረ ቤት ይኖር ነበር። ይህ ተዋናይ በ2021 እስኪሞት ድረስ በቦይሲነቱ የታወቀው በእንግሊዝ ብቻ አልነበረም፤ ዋናው ድራማ እጅግ በሚወደድባት በሰርቢያ የክብር ዜግነት እስከማግኘት ደርሷል።

ታይለር ከአንድ በኩል ተበድሏል። ወላጆቹ ለዓመታት ተመኝተው ያገኙት ልጅ መሆኑን የምናውቅ ተመልካቾች ከአባቱ ጋር የሚኖረውን ግንኙነት በጉጉት ብንጠብቅም፣ ድራማው ልጁን ለተራ የጉርምስና ጣጣ ይተወዋል። የዌልስ ተወላጁ ጎረቤት ሉዌሊንም በእንግሊዝና በዌልስ መካከል ባለው የቆየ መናናቅ ላይ ብቻ ስለሚመረኮዝ፣ ይህን ጉዳይ ከውስጥ ለማያውቅ ተመልካች ቀልዱ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ሱሊቫን ሁሉንም ክፍሎች አልጻፋቸውም። ልጁን ጂም ሱሊቫንን ጨምሮ ሌሎች ጸሐፊዎች በኋለኞቹ ምዕራፎች ገብተዋል፤ ልዩነቱም ይታወቃል። ሱሊቫን ሰውን እያሳቀ ድንገት ልቡን መንካት የሚችል ደራሲ ነበር፤ ሌሎቹ ሳቁን ያገኙታል፣ ያቺን ድንገተኛ ኀዘን ግን አያገኟትም። ድሪስኮሎች ይመጣሉ የሚለው ስጋትም እየቆየ ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ ቤተሰቡ ከገጠር የማይወጣበት ምክንያት እየደበዘዘ ይሄዳል።

ለማየት ለሚፈልግ ሰው የምመክረው፣ ቦይሲን ሳያውቅ በዚህ ድራማ እንዳይጀምር ነው። ከዋናው ድራማ የካርታውን ክፍል፣ ማርሊን የታየችበትን የ1985ቱን ክፍል፣ ድሪስኮሎች የተዋወቁበትን የ1989ኙን ክፍል አስቀድሞ ይመልከት። ከዚያ የ«ዘ ግሪን ግሪን ግራስ»ን የመጀመሪያ ምዕራፍ በሙሉ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እየመረጠ ቢያይ አይቆጭም። አራተኛው ምዕራፍ ለማርሊን ወዳጆች ብቻ ነው። አነጋገሩ የለንደንና የገጠር ዘዬ የተቀላቀለበት በመሆኑ፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚልም ቢሆን የጽሑፍ ትርጉሙን ከፍቶ ማየቱ ይሻለዋል።