ያረጀ የመንገድ ምልክት ለመቀየር፦ የቱን ሽፋን፣ የቱን ላሜራ፣ የቱን ምሰሶ?

ድሬዳዋ ውስጥ የመንገድ ምልክት የሚያስቀይር ሰው፣ የወረዳ መሐንዲስም ይሁን የፋብሪካ ግቢ ኃላፊ፣ ሦስት ፕሮፎርማ ሲደርሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጠቅላላ ድምሩ ነው። እኔም ከዚህ አልወጣሁም። አንድ ጊዜ ለግቢ መግቢያ ርካሹን መርጬ አስተከልኩ። ሁለት ክረምት ሳያልፍ «ቁም» የሚለው ቀይ ሰሌዳ ገርጥቶ ሮዝ ሆነ፤ ምሰሶውም ከሲሚንቶው በሚወጣበት ቦታ ዝጎ እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቅ ጀመር።

ዋናው ነገር ፊቱ ላይ የሚለጠፈው አንጸባራቂ ሽፋን ነው። ኢንጂነር ግሬድ፣ ሃይ ኢንተንሲቲ እና ዳይመንድ ግሬድ በሚባሉ ስሞች ይሸጣል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ASTM D4956 በሚባለው የአሜሪካ የአንጸባራቂ ሽፋን መለኪያ ነጭ ሽፋን የመኪና መብራትን ወደ ሹፌሩ የሚመልስበት ዝቅተኛ መጠን ለኢንጂነር ግሬድ 70፣ ለፕሪዝማው ሃይ ኢንተንሲቲ 360፣ ለዳይመንድ ግሬድ (ዓይነት 11) 580 ነው። የመጀመሪያው ለመኪና ማቆሚያና ለግቢ ውስጥ ይበቃል። ለከተማ መንገድ እኔ ሁለተኛውን እገዛለሁ። ሦስተኛው ውድ ነው፤ ሆኖም ወደ ደንገጎ በሚወጣው ጥምዝምዝ ዳገት ላይ፣ የጭነት መኪናና የጫት አይሱዙ በሌሊት በሚተላለፉበት፣ ለመታጠፊያ ምልክት ከእሱ በታች መግዛት ቁጠባ አይባልም። ከመንገድ በላይ ለሚሰቀል ሰሌዳም እንዲሁ ነው፤ የፊት መብራት ወደ ላይ የሚደርሰው በጥቂቱ ነውና።

ነጋዴዎች የማይነግሯችሁ ግን ሌላ ነው። ጥሩ ሽፋን ላይ ተራ ቀለም ከታተመ ገንዘባችሁን ውኃ በላው። የድሬዳዋ ፀሐይ ቀድማ የምትበላው ቀዩን ነው። ስለዚህ ቀለሙ የሽፋኑ አምራች የፈቀደው መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ።

ለመቀየር ከመወሰናችሁ በፊት ደግሞ አሮጌውን በሳሙናና በውኃ አሳጥቡት። አቧራ ብቻ የጋረደው ስንት ሰሌዳ ተነቅሎ ተጥሏል! ሲመሽ ሠላሳ እርምጃ ራቁና ባትሪውን ከጉንጫችሁ አጠገብ ይዛችሁ አብሩበት፤ ብርሃኑ ወደ መጣበት ስለሚመለስ ባትሪው ከዓይን ከራቀ ሙከራው ያታልላል። አዲሱን ናሙና ከጎኑ አስይዙ። ከታጠበ በኋላም አሮጌው ጨለማ ከሆነ ጊዜው አልፏል።

ሽፋኑ በሚለጠፍበት ላሜራ ላይ ብዙ አልከራከርም። 3 ሚሊ ሜትር አልሙኒየም በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር የብረት ላሜራ ግን ወደ 16 ይጠጋል። አልሙኒየሙ አይዝግም፣ ምሰሶውንም አያስጨንቅም። ችግሩ ቁራሌው ይወደዋል። ሰው በማያድርበት ቦታ የሚተከል ከሆነ በተራ ቁልፍ የማይፈታ ብሎን ይግባበት፤ አልሙኒየሙ ከብረት ምሰሶው ጋር በሚነካካበትም የፕላስቲክ ወይም የጎማ ሮንዴላ ይደረግ፤ አለበለዚያ እርጥበት ሲያገኛቸው አልሙኒየሙ ይበላል።

አሁን ወደ ምሰሶው። አንቲረስት የተቀባ ጥቁር ቱቦ ርካሽ ነው፤ የቀለሙ አንድ ጭረት ግን ለዝገት በር ነው። በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ጋልቫናይዝድ ቱቦ ዋጋው ከፍ ይላል፤ እኔ የምመርጠውም እሱን ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፦ ቀዳዳውም ብየዳውም ከመነከሩ በፊት ይለቅ። የተነከረውን ገዝቶ በኋላ በሰፈር ጋራዥ የሚበይድ ሰው ዚንኩን አቃጥሎ ተራ ብረት ያስረክባችኋል። የኮንክሪት ምሰሶ አይሰረቅም፣ አይዝግም፤ ነገር ግን ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ሲመታው ንቅንቅ አይልም። በመንገድ ዳር አልመክረውም።

አሮጌው ምሰሶ ይቆይ ወይስ ይነቀል? እግሩ ሥር ያለውን አፈር አንድ ጣት ያህል ጠርጋችሁ በመዶሻ ምቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ አዲስ ሰሌዳ ይሸከማል፤ ድምፁ ከታፈነ ወይም የዝገት ቅርፊት ከረገፈ ቀለም ቀብታችሁ አታልፉት። አዲስ ሲተከል የሲሚንቶው አናት እንደ ሳህን ጎድጉዶ ውኃ እንዳይዝ ወደ ውጭ አዘቅዝቁት። በደቻቱ ወንዝ ዳርቻ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ መሠረቱን ስለሚያወጣ የጉድጓዱ ጥልቀት በተራ ልማድ አይወሰን።

በመንገዱ ላይ ተሻግሮ ለሚቆመው ትልቅ የብረት ማዕቀፍ ይህ የመዶሻ ሙከራ አይሠራም። በአሮጌው ማዕቀፍ ላይ ሰፋ ያለ ሰሌዳ መስቀል የነፋሱን ጫና ይጨምራል፤ ብየዳውንና የመሠረቱን ብሎኖች መሐንዲስ አይቶ ሳይፈርም አትግዙ።

በመጨረሻው ርክክብ ቀን ከሰሌዳው ጀርባ የተተከለበትን ወርና ዓመት፣ የሽፋኑንም ዓይነት በማይለቅ ቀለም አስጽፉ። ከዓመታት በኋላ ቀለሙ ሲገረጣ፣ ዋስትናውን ይዛችሁ የምትከራከሩት በእሱ ነው።