የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም ሳታዩ «አይ7 ነው» ለተባለ ላፕቶፕ ብር እንዳትከፍሉ

ለአርክቴክቸር፣ ለሬንደር ወይም ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ላፕቶፕ የምትፈልጉ ሁሉ ተጠንቀቁ። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ «ኮር አይ7፣ 16 ጂቢ ራም፣ 512 ኤስኤስዲ፣ ከአሜሪካ የመጣ» ይልና የፕሮሰሰሩን ቁጥር ይዘለዋል። ኪሳችሁን የሚጎዳው ያ የተዘለለው ቁጥር ነው። ራም በብዙዎቹ ይጨመራል፣ ኤስኤስዲም ይቀየራል። ፕሮሰሰሩ ግን ከ5ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ባሉት የኢንቴል ላፕቶፖች ማለት ይቻላል በሙሉ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው። «ግዴለም፣ በኋላ ታሳድጉታላችሁ» የሚል ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ እየዋሸ ነው።

አይ7 7500ዩ ያለው 2 ኮር (ስሌቱን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) እና 4 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚይዛቸው የሥራ መስመሮች) ብቻ ነው። የዚያው ጀነሬሽን አይ7 7700ኤችኪው 4 ኮርና 8 ትሬድ አለው። ቀጥሎ የወጣው አይ5 8250ዩ «አይ5 ነው» ተብሎ ይናቃል እንጂ እሱም 4 ኮርና 8 ትሬድ ስለሆነ ሬንደር ላይ 7500ዩን በሰፊው ይበልጠዋል። ሻጩ በጊጋኸርዝ ሊያሳምናችሁ ይሞክራል፤ 7500ዩ 2.7 ተብሎ ይጻፋል፣ 8250ዩ ደግሞ 1.6። ይህ መነሻ ፍጥነት ነው። ሥራ ሲበዛበት የመጀመሪያው እስከ 3.5፣ ሁለተኛው እስከ 3.4 ይወጣል፤ ስለዚህ ቁም ነገሩ ኮሩ ላይ ነው። በዚያ ላይ 7500ዩም ሆነ 7700ኤችኪው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከፈቀዳቸው ፕሮሰሰሮች ውስጥ የሉም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ብዙ ሰው የሚታለለው ዲኤክስዲያግ በሚባለው፣ የማሽኑን መረጃ በሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት ነው። 7500ዩ እዚያ ላይ «4 ሲፒዩ» ተብሎ ይወጣል፤ ሻጩም ጣቱን ቀስሮ «ይኸው አራት ኮር» ይላል። መስኮቱ የሚቆጥረው ግን ትሬዱን ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ ውስጥ ግቡ። «ኮርስ» የሚለውን መስመር አንብቡ፤ «ሎጂካል ፕሮሰሰርስ» የሚለው አያታላችሁ። ዊንዶውስ የሚያሳየው ስም ራሱ ተነካክቶ ሊሆን ስለሚችል ማሽኑን አጥፍታችሁ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥም አመሳክሩ። ሲነሳ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 ነው የሚጫነው። አጥፍቶ ማብራት የማይፈቅድላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ትታችሁት ሂዱ።

ከቁጥሩ በኋላ ያለው ፊደል ዋናው ነገር ነው። «ዩ» የሚለው በ15 ዋት እንዲሠራ የታሰበ፣ ለቢሮ ሥራና ለባትሪ ቆይታ የሚሆን ነው። «ኤች» እና «ኤችኪው» አብዛኛውን ጊዜ 45 ዋት ናቸው፤ ለከባድ ሥራ የምትፈልጉት እነዚህን ነው። ከ12ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ወጥመዱ ሌላ መልክ ይዟል። አይ7 1255ዩ «10 ኮር» ተብሎ ይሸጣል፤ ከአሥሩ ትልልቆቹ (ፈጣኖቹ) ግን 2 ብቻ ናቸው፣ 8ቱ ትንንሽ (ኃይል ቆጣቢ) ናቸው። አይ7 12700ኤች 6 ትልልቅና 8 ትንንሽ አለው። አዲስ ከካርቶን የወጣም ቢሆን ያው ነው፤ ኮር አልትራ 7 155ኤች 6 ትልልቅ ኮር ሲኖረው 155ዩ 2 ብቻ ነው ያለው። ራይዘን በሚባሉት የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ በ7 ሺህ ቤት ቁጥሮች ሦስተኛዋን አሃዝ እዩ። 7520ዩ ላይ ያለችው 2 ቺፑ በአሮጌው የዜን 2 ንድፍ የተሠራ መሆኑን ትናገራለች፣ 7840ዩ ላይ ያለችው 4 ዜን 4 ማለት ናት።

«ወርክስቴሽን (ለከባድ ሥራ የተሠራ ማሽን) ነው» የሚለውም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ቲንክፓድ ፒ52 የኤች ፕሮሰሰር ይዞ ይመጣል፣ ፒ52ኤስ ግን የዩ ነው። ዜድቡክ 15 ጂ5 እና ዜድቡክ 15ዩ ጂ5ም እንዲሁ። ዴል ፕሪሲዥን 3530 የኤች፣ 3540 የዩ ናቸው። ማስታወቂያው ላይ አንዲት ፊደል ወይም አሃዝ ስትወድቅ የምትገዙት ሌላ ማሽን ይሆናል።

ለምን እንደምትገዙም ለዩ። አውቶካድና ሬቪት ላይ ስትስሉ አብዛኛውን ጫና የሚሸከመው አንድ ኮር ስለሆነ እዚያ የአንዱ ኮር ፍጥነት ይበልጣል። የሬንደር ፕሮግራሙ ቪሬይ በሲፒዩ (በፕሮሰሰሩ) ሲሠራ ያሉትን ኮሮች በሙሉ ይጠቀማል። ሉሚየን ለሚባለው የሬንደር ፕሮግራም ከሆነ ብሩን ግራፊክስ ካርዱ ላይ አውሉት።

ቻርጀሩን አገላብጣችሁ አንብቡ። ለምሳሌ ፕሪሲዥን 5530 130 ዋት ይፈልጋል፤ ይህም 19.5 ቮልት በ6.67 አምፒር ነው። 3.34 አምፒር የሚል ከሰጧችሁ 65 ዋት ነው። ዴል የማያውቀው ወይም ያነሰ ቻርጀር ሲሰካበት ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ያዘገየዋል፤ ባትሪውንም ላይሞላ ይችላል።

በመጨረሻ ሲኒቤንች አር23 የሚባለውን የፕሮሰሰር መፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጫን ሳያስፈልገው ከፎልደሩ ይነሳል። ቻርጀሩ ተሰክቶ 10 ደቂቃ አስኪዱትና ታስክ ማናጀር ላይ ፍጥነቱን ተከታተሉ። ከከፍተኛው ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው። አይ7 8750ኤች ግን ከመነሻው ከ2.2 በታች ወርዶ እዚያው ከቀረ ማቀዝቀዣው እየሠራ አይደለም፤ ወይ ፋኑ በአቧራ ተደፍኗል ወይ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቴርማል ፔስት ደርቋል። «ጽዳት ብቻ ነው የሚፈልገው» ካሏችሁ መጀመሪያ እነሱ ያጽዱትና ፈተናው ይደገም፣ ክፍያው ከዚያ በኋላ ይሁን። ደረሰኙ ላይም «አይ7» ብቻ እንዳይጻፍ፤ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም ከነፊደሉ፣ የማሽኑንም ሲሪያል ቁጥር አስጽፉ።