የሦስት ማቅለሚያዎች ገላጭ ጽሑፍ፦ ሰው ሲመረዝ ምን ያህል ይጠቅማል?

ማቅለሚያ የሚገመግም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ቀለሙ ስለ መድመቁ፣ እኩል ስለ መያዙና በእጥበት ስለ አለመልቀቁ ነው። እኔ በዚህ ግምገማ የምመለከተው ሌላ ጉዳይ ነው። ባለፉት ወራት የሠራሁባቸው ምርቶች ሦስት ናቸው፦ በአልኮል የተበጠበጠ ጥቁር የቆዳ ማቅለሚያ፣ ጥጥ ለመንከር የሚያገለግል ሪአክቲቭ የሚባለው ዓይነት ሰማያዊ ዱቄት፣ እንዲሁም ኢንዲጎ የተባለውን ሰማያዊ ማቅለሚያ በውኃ ለማሟሟት የሚጨመረው ሶዲየም ዳይቲዮናይት። የመዘንኳቸው ሰው ቢውጣቸው፣ ዓይኑ ውስጥ ቢረጩበት ወይም ብናኛቸውን ቢተነፍስ በላያቸው የተጻፈው ገላጭ ጽሑፍና ከጽሑፉ ጀርባ ያለው ምዝገባ ለረጂውና ለሐኪሙ በሚሰጡት ጥቅም ነው።

በዚህ መለኪያ እንድመዝን ያደረገኝ በራሴ የሥራ ቦታ የደረሰ ነገር ነው። ከዓመታት በፊት አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ዓይን ውስጥ የቆዳ ማቅለሚያ ተረጨ። እሱ ዓይኑን በሚፈስ ውኃ እየታጠበ ሳለ እኔ ወደ መርዝ መረጃ ማዕከል ደወልኩ፤ ስልኩን ያነሡት ባለሙያ በመጀመሪያ የጠየቁኝ የምርቱን ሙሉ ስምና በውስጡ ያለውን ነገር ነበር። ጠርሙሱን አንሥቼ ሳየው በአፉ ዙሪያ የፈሰሰው ማቅለሚያ የራሱን ጽሑፍ አሟሙቶ አጥፍቶታል፤ ሊነበብ የቻለው «ጥቁር» የሚለው ቃል ብቻ ነበር። ወጣቱ ያለ ጉዳት ዳነ። ይሁን እንጂ ባለሙያዋ ፈሳሹ አልኮል ይሁን፣ አሲድ ይሁን ወይም አልካሊ ሳያውቁ ምክር ለመስጠት የተገደዱባቸውን እነዚያን ደቂቃዎች እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም።

«ጥቁር» ማለት በማቅለሚያ ዓለም ምንም ማለት አይደለም። ከ1925 ጀምሮ ሲታተም በኖረው የቀለማት ዓለም አቀፍ መዝገብ፣ በሙያው «ከለር ኢንዴክስ» በሚባለው ውስጥ፣ እያንዳንዱ ማቅለሚያ የአጠቃቀም ክፍሉን፣ የቀለሙን ዓይነትና ተራ ቁጥሩን የያዘ የራሱ ስም አለው። ዳይሬክት ብላክ 38 የሚባለው ጥቁር ለምሳሌ የተሠራው ከቤንዚዲን ነው፤ ቤንዚዲን ደግሞ የሽንት ፊኛ ካንሰር እንደሚያመጣ በማያጠራጥር ሁኔታ የታወቀ ነው። ዛሬ በአልኮል ተበጥብጠው ለቆዳ የሚሸጡት ብዙዎቹ ጥቁሮች ግን እንደ ክሮሚየም ያለ ብረታ ብረት የያዙ፣ ከእሱ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ቀለማት ናቸው። ሁለቱ ቆዳ ላይ ተቀብተው ሲታዩ ልዩነታቸው በዓይን አይለይም፤ በሰውነት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

በውስጡ ያለውን ማወቅ ሐኪሙን እንዴት እንደሚረዳ የሚያሳይ የቆየ ማስረጃም አለ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የጫማ ማቅለሚያዎች በአኒሊን ወይም በናይትሮቤንዚን ይበጠበጡ ነበር፤ ገና ያልደረቀ ጫማ ያደረጉ ሰዎችም ከንፈራቸውና ጥፍራቸው እየጠቆረ፣ ራሳቸውን እያዞራቸው ወደ ሐኪም ይወሰዱ ነበር። እነዚህ ኬሚካሎች በቆዳ በኩል ሰርገው ደም ውስጥ ይገቡና ኦክስጂን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ወደማይሸከም ዓይነት፣ ወደ ሜትሄሞግሎቢን ይለውጡታል። በዚህ ጊዜ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጂን መለኪያ የሚያሳየው ቁጥር ሊታመን አይችልም፤ ጉዳቱ እየበረታ ሲሄድ ንባቡ በ85 ከመቶ አካባቢ ይቆማል። ቀለም የጠጣ ሰው ከንፈር ሰማያዊ ሲሆን ደግሞ ሐኪሙ ከንፈሩ በቀለሙ ተነክሮ ነው ወይስ ደሙ ተለውጦ ነው የሚለውን መለየት ይኖርበታል፤ ይህን ጥያቄ ፈጥኖ ሊመልስለት የሚችለው በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ማወቁ ነው። ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ፣ የዚህ መመረዝ ዋነኛ መድኃኒት ራሱ ማቅለሚያ መሆኑ ነው፤ በ1876 የተሠራው ሜቲሊን ብሉ።

ወደ ምርቶቹ ልመለስ። ጥቁሩ የቆዳ ማቅለሚያ ከሦስቱ እጅግ የተሻለ ገላጭ ጽሑፍ አለው። በተባበሩት መንግሥታት ተዘጋጅቶ በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመው ዓለም አቀፍ የኬሚካሎች ምደባ ሥርዓት መሠረት ሁለት ሥዕላዊ ምልክቶች፣ ነበልባልና ቃለ አጋኖ፣ በጫፋቸው በቆሙ ቀይ ካሬዎች ውስጥ በነጭ መደብ ላይ ታትመዋል፤ «አደጋ» የሚለው የማስጠንቀቂያ ቃልም ከጎናቸው በጉልህ ተጽፏል። ፈሳሹ በቀላሉ እንደሚቀጣጠል፣ ዓይንን ክፉኛ እንደሚያስቆጣና ትነቱ እንቅልፍና ማዞር እንደሚያመጣ በአጭር በአጭር ዓረፍተ ነገር ተቀምጧል። የበለጠ ያስደሰተኝ ከምልክቶቹ አጠገብ ያለው ዩኤፍአይ የተባለው የቀመር መለያ ኮድ ነው። ኮዱ 16 ፊደላትና አሃዞች አሉት፤ አራት አራት ሆነው ተከፍለው በጭረት ተያይዘዋል።

ይህ ኮድ የመጣው የአውሮፓ ኅብረት አደገኛ ድብልቆችን ለገበያ የሚያቀርቡ አምራቾችና አስመጪዎች ሙሉ ቀመራቸውን ለመርዝ ማዕከላት አስቀድመው እንዲያሳውቁ ከሚያስገድደው ደንብ ነው። ግዴታው ለሸማቾችና ለባለሙያዎች በሚሸጡ አዳዲስ ምርቶች ላይ ከ2021 መጀመሪያ፣ ለፋብሪካ ብቻ በሚቀርቡት ላይ ደግሞ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ጸንቷል። ደዋዩ ኮዱን በስልክ ሲያነብ ባለሙያው ከፊቱ ባለው መዝገብ የዚያን ቀመር ይዘት ከነመጠኑ ያገኛል። በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው እንደሚያነበው ታስቦ የተበጀ በመሆኑም ከአሃዝ ጋር በቀላሉ የሚምታቱ የላቲን ፊደላት ከኮዱ ተወግደዋል፤ አንዱ ፊደል በስህተት ቢነገር መዝገቡ ስህተቱን የሚለይበት ማረጋገጫም በውስጡ አለ። አምራቹ የቀመሩን ይዘት ከተፈቀደለት ወሰን በላይ ከለወጠ አዲስ ኮድ ማውጣት ግድ ይለዋል፤ ስለዚህ የንግድ ስሙ ሳይቀየር ውስጡ የተቀየረ ጠርሙስ በአሮጌው ማንነቱ አይጠራም። ለእኔ የምዝገባ ትርጉሙ ይህ ነው፤ በሕዝብ ፊት ሊገለጥ የማይገባውን የአምራቹን የቀመር ምሥጢር ሳያባክን፣ ለሚያክመው ሰው ግን ሳይደብቅ ማስቀመጥ።

የድሮውን ጠርሙስ አስቤ ገላጭ ጽሑፉን በራሱ ማቅለሚያ አረጠብኩትና ለአንድ ሰዓት ተውኩት፤ ከዚያ በጨርቅ ጠረግኩት። በላዩ የተለበጠው ግልጽ ሽፋን ፊደላቱን ጠብቋቸዋል፤ ጥቁሩ ዝቃጭ በአልኮል ሲጠረግ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ይነበባል። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቀለምን ለማሟሟት የተዘጋጀ ፈሳሽ የራሱን ጽሑፍ የሚያሟሟ ከሆነ በላዩ የተጻፈው ሁሉ ተጽፏል ለማለት አይቻልም። የጠርሙሱ ክዳንም ተጭነው ካላዞሩት የማይከፈት በመሆኑ ሕፃን በቀላሉ አይከፍተውም።

አንድ ቅሬታ አለኝ። በፊት ለፊቱ ከአደጋ ምልክቶቹ በሚበልጡ ፊደላት «ከጎጂ አዞ ቀለማት የጸዳ» ተብሎ ተጽፏል፤ አዞ (azo) እዚህ እንስሳው ሳይሆን የአንድ ሰፊ የሰው ሠራሽ ቀለማት ወገን ስም ነው። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚመለከተው ግን የተነከረውን ቆዳ ለብሶ ወይም ተጫምቶ የሚውለውን ሰው ነው። ከአንዳንድ የአዞ ቀለማት ስለሚወጡት አሚን የሚባሉ 22 ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች በአውሮፓ የተደነገገው በኪሎ ግራም የ30 ሚሊ ግራም ወሰን የሚለካው ከሰውነት ቆዳ ጋር በሚነካካው በተጠናቀቀው ዕቃ ላይ ነው። ጠርሙሱን በእጁ የያዘውን ሰው በመጀመሪያ የሚያሰጋው አልኮሉና አብሮት ያለው ሌላው ማሟሚያ ነው። «የጸዳ» የሚለውን አንብቦ ጓንቱን የሚያወልቅ፣ መስኮቱን የሚዘጋ ሰው እንደሚኖር አልጠራጠርም፤ አምራቹ ይህን ጽሑፍ ወደ ጀርባ ቢወስደው ወይም ቢያሳንሰው መልካም ነው።

ሰማያዊው ዱቄት ያሳዘነኝ ምርት ነው፤ የሚያሳዝነውም ቀለሙ በጣም ጥሩ ስለሆነ ነው። ሪአክቲቭ ማቅለሚያዎች ከጥጡ ክር ጋር በኬሚካል ይተሳሰራሉ፤ ቀለሙ በእጥበት የማይለቀውም ለዚህ ነው። ያው የመተሳሰር ጠባይ ብናኙ ወደ ሳንባ ሲገባ ከሰውነት ፕሮቲን ጋር እንዲጣበቅ ያደርገዋል፤ በዱቄት ማመዛዘኛ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች በዚህ ምክንያት አስም እንደሚይዛቸው ከታወቀ ቆይቷል። አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቆጣ ሰው ከዚያ በኋላ በጣም ጥቂት ብናኝ እንኳ ሊያፍነው ይችላል። ከአምራቹ ጠይቄ ያገኘሁት ባለ 16 ክፍሉ የደህንነት መረጃ ሰነድ በክፍል 2 ይህንኑ አደጋ በኮዱ፣ ኤች 334 ብሎ፣ በግልጽ ያስቀምጣል። ለዚህ አደጋ የሚገባው ምልክት ደረቱ ላይ ኮከብ መሰል ስንጥቅ ያለበት የሰው ምስል ነው፤ የሚገባው ቃልም «አደጋ» ነው። በማሰሮው ላይ ያገኘሁት ግን ቃለ አጋኖና «ማስጠንቀቂያ» የሚለውን ዝቅተኛ ቃል ብቻ ነው፤ ከሥሩም ቆዳን ሊያስቆጣ እንደሚችል ተጽፏል። ስለ መተንፈስ አንዲት ቃል የለችም።

ሰነዱና ማሰሮው እርስ በርሳቸው ሲጣሉ የሚሸነፈው ማሰሮውን ብቻ የሚያየው ሰው ነው፤ ዱቄቱን በማንኪያ የሚሰፍር ሁሉ ደግሞ የሚያየው ማሰሮውን ብቻ ነው። የከለር ኢንዴክስ ስሙም በሰነዱ እንጂ በማሰሮው ላይ የለም፤ የመለያ ኮድ አልታተመበትም፤ የድንገተኛ ጊዜ ስልክ ተብሎ የተሰጠው ቁጥር የሽያጭ ክፍሉ ሆኖ በሥራ ሰዓት ብቻ የሚመልስ ነው። ዱቄቱ እንዳይቦን በጥቂት ዘይት ታሽቶ መቅረቡን አደንቃለሁ፤ ይህ ጥንቃቄ አደጋውን አምራቹ በሚገባ እንደሚያውቀው ያሳያል፤ ያወቀውን በማሰሮው ላይ አለመጻፉን ይበልጥ የሚያስወቅሰውም ይኸው ነው። ስህተቱን ዘርዝሬ ጽፌለታለሁ። መልሱ ጽሑፉ በሚቀጥለው ኅትመት ይታረማል የሚል ነበር፤ በገበያ ላይ ስላሉት ማሰሮዎች ግን ምንም አላለም።

ስለ ሶዲየም ዳይቲዮናይቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጽሑፉ በቂ ነው። በራሱ ሊግልና ሊቀጣጠል እንደሚችል፣ ሲዋጥ ጎጂ እንደሆነ፣ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ እንደሚያወጣ ተጽፎበታል። ድብልቅ ሳይሆን አንድ ንጥር ኬሚካል በመሆኑ የቀመር መለያ ኮድ አይጠየቅበትም፤ ስሙ ራሱ ለመርዝ ማዕከሉ ይበቃል። ከባድ ጉድለቱ የማሸጊያው ነው። ከረጢቱ አንዴ ከተከፈተ ተመልሶ አይዘጋም፤ ጥቂት እርጥበት የነካው ዳይቲዮናይት ደግሞ እየጋለ ሄዶ የሚያፍን የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይለቃል። ተጠቃሚው ወደ ሌላ ዕቃ ሊገለብጠው ይገደዳል፤ በዚያች ቅጽበት ስሙም፣ ምልክቱም፣ ማስጠንቀቂያውም ከከረጢቱ ጋር ይጣላሉ። በመጠጥ ጠርሙስ የተገለበጠ ማቅለሚያ ወይም አጋዥ ኬሚካል የቱንም ያህል በጥንቃቄ የተመዘገበ ቢሆን ለሚያነሳው ሰው ስም የሌለው ፈሳሽ ነው። አምራቹ በከረጢቱ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ተለጣፊ ጽሑፍ ቢያኖር ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም ነበር።

በመርዝ ደህንነት መለኪያ ብቻ ለቆዳው ማቅለሚያ ከ10 ስምንት፣ ለዳይቲዮናይቱ ስድስት፣ ለሰማያዊው ዱቄት ሦስት እሰጣለሁ። ጥቁሩን ደግሜ ገዝቻለሁ። ሰማያዊውን የገዛ ሰው ዱቄቱን ከመክፈቱ በፊት የደህንነት መረጃ ሰነዱን ያስልክ፤ የብናኝ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ሳያደርግ አይስፈረው፤ የከለር ኢንዴክስ ስሙን ከሰነዱ ገልብጦ ከነሙሉ የምርቱ ስም በማይለቅ ብዕር በማሰሮው ሆድ ላይ ይጻፈው እንጂ በክዳኑ ላይ አይጻፈው፤ ክዳን ከማሰሮ ወደ ማሰሮ ይቀያየራልና።