ከርባል ስፔስ ፕሮግራም፦ አንዱ ክፍል በሌላው ውስጥ ሲገባ

በ2015 እ.ኤ.አ. ሙሉ ቅጂው የወጣው «ከርባል ስፔስ ፕሮግራም» የተባለው የጠፈር በረራ ጨዋታ፣ መንኮራኩር ሲገጣጠም አንዱን ክፍል በሌላው ውስጥ ለማስገባት ሰፊ ነፃነት ይሰጣል። ቁጥር 2ን ተጭኖ ክፍሉን በሚታዩት ቀስቶች መጎተት በቂ ነው፤ ጎልቶ የወጣው ባትሪ ወደ ውስጥ ሰጥሞ መንኮራኩሩ ያማረ ቅርጽ ሲይዝ ማየት እጅግ ያስደስተኛል።

ይሁን እንጂ ዓይን የሚያየውና ጨዋታው የሚያሰላው አንድ አይደሉም። ሲሞላ 2.25 ቶን የሚመዝነውን ኤፍኤል-ቲ400 የነዳጅ ታንክ ከመሰሉ ጋር አንድ እስኪመስሉ ብናደራርባቸው እንኳ ክብደታቸው 4.5 ቶን ነው። ጎን ላይ የተለጠፈ ክፍልም በጭነት ክፍል ወይም በአፍንጫ ሽፋን ውስጥ ካልተዘጋ በቀር፣ ወደ ውስጥ ስለተገፋ ብቻ የአየር ተቃውሞው አይቀንስም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው መለያያው፣ ማለትም በበረራ ላይ የመንኮራኩሩን አንድ ወገን ከሌላው የሚያላቅቀው ክፍል ነው። በመደበኛው ቅንብር በአንድ መንኮራኩር ላይ ሳሉ የማይጋጩት ክፍሎች፣ ከተለያዩ በኋላ ሁለት የተለያዩ አካላት ሆነው ስለሚቆጠሩ፣ ተጠላልፈው ከተገኙ በኃይል ተገፋፍተው ሊፈነዱ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት እኔ በመለያያው ዙሪያ ምንም ክፍል አላደራርብም፤ ለውበት የምሠራውን ሁሉ እስከ መጨረሻው አብረው በሚበሩት ክፍሎች ላይ እወስናለሁ።