በአተር ችግኝ ስም ባሕር ዛፍ እንዳይሸጥላችሁ

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ ማራኪና አዘዞ አካባቢ ጓሮ ቢጤ ያላችሁ፣ ይህቺን አንብቡልኝ። ሰሞኑን በቴሌግራም «የአተር ችግኝ ከነመደገፊያው፣ ቤታችሁ ድረስ እናመጣለን» የሚል ማስታወቂያ እየዞረ ነው። ፎቶው ላይ እሸቱ ተንዠርግጎ ይታያል። እኔ ከፍዬ አስመጥቻለሁ፤ ብሩ ሜዳ ላይ ቀርቷል። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት የመጣልኝን ልንገራችሁ።

ችግኞቹ የደረሱት በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልለው ነው። አፈር የሚባል ነገር የለባቸውም። ከመደብ ላይ ተነቅለው፣ በእስር በእስር ሆነው ነው የመጡት። አንዱን ፈትቼ ሳየው ዋናው ሥር መሃሉ ላይ ተበጥሷል። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ደርቀው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ግንዱ ረጅምና ነጣ ያለ ነው፤ ጥላ ውስጥ መኖሩ ያስታውቃል። ይባስ ብሎ ግማሾቹ አበባ ይዘዋል። ማስታወቂያው ይህን «ያበበ፣ ቶሎ የሚደርስ» እያለ እንደ ጥቅም ነው የሚያወራው።

ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጎመንና ቲማቲም ተነቅለው ቢተከሉ ለጥቂት ቀን ጠውለግ ብለው ያገግማሉ። አተር ግን ሥሩ ሲነካበት አይወድም። ያበበ ከሆነ ደግሞ አዲስ ሥር ለመስደድ አቅም የለውም፤ ቢበዛ ሁለት ሦስት እሸት ይሰጥና ይደርቃል። የእኔዎቹ ያንንም አላደረጉ።

አሁን ወደ «መደገፊያው» እንምጣ። ሦስት የባሕር ዛፍ አጣና ነው። የተላጠ፣ ልሙጥ፣ የእጅ አንጓ የሚያህል። ዋጋው ከችግኙ ይበልጣል፤ ንግዱ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አተር በምሰሶ ላይ ግንዱን እየጠመጠመ አይወጣም። እንደዚያ የሚያደርገው የሚሳብ ቦሎቄ ነው። የአተር መያዣው ከቅጠሉ ጫፍ የሚወጣው ቀጭን ክር ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ክሩ ሲባጎ ወይም ቀጭን እንጨት ከነካ ይጠቀለልበታል፤ ከዚያ እንደ እስክሪብቶ ውስጥ ስፕሪንግ ተጠምዝዞ ተክሉን ወደ ላይ ይስበዋል። ክሩ አጭር ስለሆነ ከእርሳስ የወፈረ ነገር ዞሮ መያዝ ይቸግረዋል። ልሙጥ አጣና ላይማ ምን ይጨብጣል? መሬት ላይ ይተኛል። የተኛ አተር በእኛ ክረምት፣ ያውም ዋልካ አፈር ላይ፣ መበስበሱ አይቀርም።

ለሻጩ ደወልኩ። መጀመሪያ «እህቴ፣ ውሃ አብዝተሽበት ነው» አለኝ። ቀጥሎ «ውሃ አሳንሰሽበት ነው» አለ። ሥሩን በፎቶ ስልክለት ብሎክ አደረገኝ። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም፣ የሱቅ አድራሻም የለም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ (ቁጥር 813/2006) ስለምንገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል። ግን ደረሰኝም አድራሻም የሌለውን ሰው ከየት አግኝታችሁ ትከሱታላችሁ?

ለነገሩ ጎንደር ላይ የአተር ችግኝ መግዛት ለምን አስፈለገ? ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዱ ለአተር ይስማማዋል። ቅዳሜ ገበያ ወጥታችሁ ያልተከካ፣ ነቀዝ ያልበሳው ድፍን አተር ግዙ። አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት። ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር እያራራቃችሁ ቦታው ላይ ዝሩት። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ብቅ ይላል። ውሃ የሚተኛበት ጓሮ ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጉት።

አይጥና ወፍ ዘሩን እየለቀሙ አላስቀምጥ ካሏችሁ ብቻ ችግኝ አፍሉ። የሶፍት ካርቶን ቱቦ ውስጥ አፈር ሞልታችሁ አንድ አንድ ፍሬ ክተቱ። ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ከነካርቶኑ ቅበሩት። ካርቶኑ ይበሰብሳል፤ ሥሩ አይነካም። አበባ እስኪይዝ ግን አትጠብቁ።

መደገፊያው እንጨት ተራ አለላችሁ። ቅርንጫፉ የበዛ ጭራሮ፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የማያንስ። ዘሩን ስትዘሩ ወይም ችግኙን ስትተክሉ አብራችሁ ስኩት፤ ኋላ ላይ ከሰካችሁት ሥሩን ይወጋዋል። አጣና ያለው ሰው ሁለቱን ግራና ቀኝ አቁሞ ሲባጎ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ አግድም ይወጥር። እንደዚያ ሲሆን አጣናውም ሥራ ያገኛል። ከዳባት የመጡ ጎረቤቴ ደግሞ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ሳቁብኝ። እሳቸው አገር አተር ከባቄላ ጋር ተቀላቅሎ ይዘራል፤ ባቄላው ቆሞ ይደግፈዋል። ለባቄላ ምሰሶ የሚሸጥ ነጋዴ እስካሁን አልመጣም።

ረስቼው፦ ከችግኙ ጋር በላስቲክ «ነጻ ዩሪያ» ይሰጣሉ። አትጨምሩበት። አተር ሥሩ ላይ ባሉት ትንንሽ እባጮች ውስጥ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ናይትሮጅኑን ራሱ ከአየር ያዘጋጃል። ዩሪያ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ይኸው ሻጭ አሁን ደግሞ የካሮት ችግኝ ጀምሯል። ካሮት ተነቅሎ ከተተከለ የሚበላው ሥሩ ይጣመማል፣ መንታ መንታ እየሆነ ይወጣል። እሱንም እለፉት።